«የግራው አልፋ ቬን»፦ የኢቲ 302 አብራሪዎችና የአደጋ ጊዜ ቼክሊስቱ

እሑድ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን፣ ማኮብኮቢያውን ለቆ ከመሬት 200 ጫማ ያህል ከፍ ብሏል። ሰዓቱ ከጠዋቱ 2:38 ከ46 ሰከንድ ነው። ኮክፒቱ ውስጥ አንዲት የማስጠንቀቂያ መብራት በራች። ረዳት አብራሪው አህመድኑር መሐመድ ያዩትን እንደ ሥልጠናቸው ጮክ ብለው ተናገሩ፦ ማስተር ኮሽን፣ አንቲ አይስ። ከበረዶ መከላከያው አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። አየሩ ግን ለበረራ የተመቸ ነበር፤ በረዶ የሚያሳስብበት ጠዋት አልነበረም።

መብራቷ የምታወራው ስለ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ ያለች አጭር ብረት ወጣ ብላ ትታያለች። ከነፋሱ ጋር እየዞረች፣ አውሮፕላኑ አየሩን በስንት ዲግሪ እየቀዘፈ እንደሆነ ትለካለች። አብራሪዎች አልፋ ቬን ይሏታል። በረዶ እንዳይዛት ማሞቂያ ተገጥሞላታል። የማስጠንቀቂያ መብራቷ ከመታየቷ ሁለት ሰከንድ ቀደም ብሎ የግራዋ ቬን የተሳሳተ ቁጥር መስጠት ጀምራ ነበር። የቀኟ ከ15.3 ዲግሪ ሳታልፍ የግራዋ 74.5 ደረሰች። በ74 ዲግሪ አየር እየቀዘፈ የሚወጣ የመንገደኛ አውሮፕላን የለም።

በአውሮፕላኑ 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ከስድስት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ ቱሉ ፈራ በሚባል ስፍራ ወደቀ። የተረፈ ሰው የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ መካከልም በውጭ ሰዎች ዘንድም አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ኖሯል፦ አብራሪዎቹ ቼክሊስቱን ተከትለዋል ወይስ አልተከተሉም? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጥያቄው ራሱ አጭር ስለሆነብኝ ነው። የአደጋ ጊዜ ቼክሊስት ርዕስ አለው። ርዕሱን የሚያገኘው ችግሩን በስሙ የጠራ ሰው ነው። የዚያ ጠዋት ችግር ደግሞ በኮክፒቱ ውስጥ ባለ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ በስሙ አልተጻፈም ነበር።

መጽሐፉ እንዴት ይሠራል

በቦይንግ አውሮፕላን ኮክፒት ውስጥ ሁለቱም አብራሪዎች እጃቸውን ዘርግተው የሚያገኙት ፈጣን ማመሳከሪያ መጽሐፍ አለ። ኪው አር ኤች ይሉታል። ሽፋኑ ላይ ጊዜ የማይሰጡ ችግሮች ዝርዝር ከገጽ ቁጥራቸው ጋር ሰፍሯል፦ የሞተር እሳት፣ የካቢን አየር ግፊት መውረድ፣ የማይታመን የፍጥነት ንባብ፣ ከቁጥጥር የወጣ ስታብላይዘር፣ ሌሎችም። ገጹ ሲገለጥ ከላይ ርዕሱ፣ ከሥሩ ሁኔታውን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገኛል። አብራሪው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ «አዎ፣ የገጠመን ይህ ነው» ማለት አለበት። ካላለ ገጹ የእሱ አይደለም። ከዚያ እርምጃዎቹ ይከተላሉ፤ መጨረሻ ላይ አራት ትንንሽ ጥቁር ካሬዎች በተርታ ይታያሉ፤ ቼክሊስቱ አለቀ ማለት ነው።

ሥራው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ አውሮፕላኑን ያበርራል፣ ሌላው ያነባል። ማንም ብቻውን እያነበበ ብቻውን አያደርግም፤ በተለይ ተመልሶ የማይስተካከል ነገር፣ ለምሳሌ የሞተር ነዳጅ መዝጋት፣ ሁለቱም እጃቸው ያለበትን ቦታ አይተው ሳይስማሙ አይነካም። ይህን የሚያውቅ ሰው ኮክፒት ውስጥ ስለሚሰማው ድግግሞሽ አይገርመውም። አንዱ ይላል፣ ሌላው ይደግማል።

አንዳንድ ገጽ ላይ ግን በመሃል የተቆራረጠ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ በላይ ያለውን ለማንበብ ጊዜ የለም፤ አብራሪው በቃሉ መያዝ አለበት። ሜሞሪ አይተም ይሉታል። ከመስመሩ በታች ያለው በእርጋታ፣ መጽሐፉ ተከፍቶ የሚነበብ ነው። ከቁጥጥር የወጣ ስታብላይዘር የሚለው ገጽ ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ጽሑፍ ሁኔታው የተገለጸው፣ አብራሪው ያላዘዘው የስታብላይዘር እንቅስቃሴ «ያለማቋረጥ» ሲከሠት ተብሎ ነበር። እርምጃዎቹም መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ አውቶፓይለቱን ማጥፋት፣ የሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረውን አውቶትሮትል ማጥፋት፣ አፍንጫውን በመሪውና በኤሌክትሪክ ትሪም፣ ማለትም ስታብላይዘሩን በአውራ ጣት ስዊች በሚያዞረው ሞተር፣ መቆጣጠር፣ ካልቆመ ሁለቱን የትሪም መቁረጫ ስዊቾች መዝጋት፣ አሁንም ካልቆመ የትሪሙን ጎማ በእጅ ይዞ ማቆም ናቸው። ከመስመሩ በታች ደግሞ በእጅ ትሪም አድርግ ይላል።

ስታብላይዘር የሚባለው ጭራው ላይ በአግድም የተዘረጋው ትንሽ ክንፍ ነው። በ737 ላይ መላው ክንፍ በረጅም ጥርስ ባለው ብሎን ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። አብራሪው መሪውን ሲስብ የሚንቀሳቀሰው ግን ከኋላው የተያያዘው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ክንፍ አፍንጫውን ወደ ታች ሲገፋ፣ አብራሪው በትንሹ ክፍል ከትልቁ ጋር ይታገላል።

ጎማውንም ላሳያችሁ። በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ካለው የሞተር መቆጣጠሪያ ግራና ቀኝ፣ ከጉልበታቸው አጠገብ፣ ጥቁር ጎማ አለ። ዙሪያው ላይ ነጭ ምልክት አለው። ትሪሙ በኤሌክትሪክ ሲሠራ ጎማው ድምፅ እያሰማ ይሽከረከራል፤ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ይሰማዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቆረጥ ከጎማው ውስጥ የታጠፈች እጀታ ትወጣለች፤ አብራሪውም የጉድጓድ ውኃ እንደሚስብ ሰው እያዞረ ጭራውን በጉልበቱ ያንቀሳቅሳል።

ስድስቱ ደቂቃዎች

የግራዋ ቬን እንደተበላሸች በካፒቴን ያሬድ ጌታቸው በኩል ያለው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አውሮፕላኑ አየሩ ላይ መቆም እያቃተው ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጥቂት ሲቀር እስከ መጨረሻው አላቆመም። በካፒቴኑ በኩል ያለው ፍጥነትና ከፍታ በረዳት አብራሪው በኩል ካለው ጋር መለያየት ጀመረ። አንቲ አይስ የምትለው መብራትም በርታለች። ካፒቴኑ 29 ዓመታቸው ሲሆን ከ8,000 ሰዓት በላይ በርረዋል። ረዳት አብራሪው 25 ዓመታቸው ነበር፤ ጠቅላላ የበረራ ሰዓታቸው 361።

እስኪ አንባቢ በእነሱ ወንበር ይቀመጥ። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ፍጥነቱ በግራና በቀኝ አንድ አይደለም፣ መሬቱ ቅርብ ነው። ከሽፋኑ ዝርዝር ውስጥ የትኛውን ርዕስ ይመርጣል? ለዚያች ደቂቃ የሚቀርበው የማይታመን የፍጥነት ንባብ የሚለው ነው። እሱም በቃል የሚያዝ ነው፦ አውቶፓይለት ይጥፋ፣ አውቶትሮትል ይጥፋ፣ ፍላፕ (ለመነሣትና ለማረፍ ከክንፉ የሚዘረጋው ክፍል) ተዘርግቶ ከሆነ አፍንጫው 10 ዲግሪ የሞተሩ ኃይል 80 በመቶ፣ ፍላፕ ተሰብስቦ ከሆነ 4 ዲግሪና 75 በመቶ። አብራሪዎቹ ይህን አላደረጉም። ሁለት ጊዜ ሞክረው እምቢ ካላቸው በኋላ በ2:39:22 አውቶፓይለቱ ተያዘላቸው፤ 33 ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ለቀቀ። በመሃል ፍላፑ ተሰበሰበ። የሞተሮቹ ኃይልም በመነሻው 94 በመቶ አካባቢ እንዳለ ቀጠለ።

ፍላፕ ሲሰበሰብና አውቶፓይለት ሲለቅ ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር መሥራት ይፈቀድለታል። ሥራው አፍንጫው ከልክ በላይ ሲነሣ ስታብላይዘሩን አዙሮ ወደ ታች መመለስ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያምነው አንዲት ቬንን ብቻ ነበር፤ ያን ዕለት የግራዋን። በ2:40:00 ለ9 ሰከንድ ገፋ። ስታብላይዘሩ በመለኪያው ከ4.6 ወደ 2.1 ወረደ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፍንጫው ወደ ታች ይከብዳል። አውሮፕላኑ መውጣቱን አቁሞ ትንሽ ዝቅ አለ፤ «አትስመጥ» የሚለው የመሬት ማስጠንቀቂያ ድምፅም ተጨመረ። ካፒቴኑ በአውራ ጣታቸው በኤሌክትሪክ ትሪም መለሱት፣ እስከ 2.4። ኤምካስ 5 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ገፋ፤ በዚህኛው እስከ 0.4 ወረደ። ካፒቴኑ ረዳታቸውን አብረን ትሪም እናድርግ አሏቸው። ወደ 2.3 መለሱት።

በ2:40:35 ረዳት አብራሪው «ስታብ ትሪም ካትአውት» አሉ፤ ደግመውም ተናገሩ። ካፒቴኑ ተስማሙ። ስዊቾቹ ተዘጉ። ከስድስት ሰከንድ በኋላ ኤምካስ ለሦስተኛ ጊዜ ትእዛዝ ሰጠ፤ ስታብላይዘሩ ግን አልተንቀሳቀሰም። እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። ከመጀመሪያው ግፊት 35 ሰከንድ ነው። 361 ሰዓት የበረሩ ወጣት፣ መሪ እየተንቀጠቀጠና ማስጠንቀቂያ እየጮኸ፣ ከሽፋኑ ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛውን ርዕስ አውጥተው ትክክለኛዋን እርምጃ ጠሩ። የገጹ ዓረፍተ ነገር «ያለማቋረጥ» ይል ነበር፤ ያዩት እንቅስቃሴ ግን 9 ሰከንድ ሠርቶ የሚያቆም፣ ከዚያ የሚመለስ ነው። ገጹ ሙሉ በሙሉ ሳይመስላቸው ገጹን አገኙት።

ችግሩ ስዊቾቹ በተዘጉበት ሰዓት ስታብላይዘሩ 2.3 ላይ መሆኑ ነው። ሲነሡ 4.6 ላይ ነበር። አፍንጫው አሁንም ወደ ታች ይከብዳል፣ የሚደግፈው የሁለት ሰው ክንድ ብቻ ነው፣ ፍጥነቱ ደግሞ ይጨምራል። ለአውሮፕላኑ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 340 ኖት ነው። በ2:41:32 በካፒቴኑ በኩል የፍጥነት ማስጠንቀቂያም መንጫጫት ጀመረ፤ እሱም እየቆመ እየተመለሰ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

በ2:41:46 ካፒቴኑ ትሪሙ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ረዳት አብራሪው አይሠራም፣ በእጅ ልሞክር? አሉ። ካፒቴኑ ሞክር አሏቸው። በ2:41:54 ረዳት አብራሪው መለሱ፦ አይሠራም።

ጎማው ያልዞረው ስለተበላሸ አይደለም። አብራሪዎቹ መሪውን ወደ ኋላ በሳቡ ቁጥር ትንሹ ክፍል በአየሩ ላይ ይገፋል፤ ግፊቱ በሙሉ ወደ ብሎኑ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ብሎኑን በእጅ ማዞር ከሰው ጉልበት በላይ ይሆናል። በድሮዎቹ 737ዎች መመሪያ ላይ ለዚህ መላ ነበር፦ መሪውን ለቀቅ አድርጎ አፍንጫው እንዲወርድ መፍቀድ፣ ጫናው በቀለለባት ቅጽበት ጎማውን ማዞር፣ እንደገና መሳብ፣ እንደገና ማላላት። ይህ ከኋለኞቹ መመሪያዎች ወጥቶ ነበር። ደግሞም መላው ከፍታ ያስፈልገዋል፤ ከሥራቸው ያለው የሸዋ ደጋ ነው፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 7,600 ጫማ ላይ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ እመለሳለሁ። በ2:42:51 ረዳት አብራሪው አንቲ አይስ የምትለዋን መብራት እንደገና አነሡ። ሦስት ሰከንድ ቆይቶ፣ በ2:42:54፣ ሁለቱም አብራሪዎች በአንድነት «የግራው አልፋ ቬን» አሉ።

የመርማሪዎችን የሰዓት ዝርዝር ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ ይህ መስመር ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል፣ ክንዳቸው መሪው ላይ ተወጥሮ፣ ከአራት ደቂቃ በፊት ያዩዋትን መብራት ትርጉም ፈልገው አገኟት። የችግሩን ሥር በስሙ ጠሩት። በዚህ ስም የሚከፈትና መፍትሔ ያለው ገጽ ግን አልነበራቸውም። የሁለቱ ቬኖች ንባብ ሲለያይ ለአብራሪው የሚነግር ኤኦኤ ዲስአግሪ የሚባል ምልክት በማክስ ላይ መኖር ነበረበት፤ በሶፍትዌር ስህተት ምክንያት ተጨማሪ መለኪያ ያልገዛ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ አይበራም ነበር። በዚያ አውሮፕላን ላይም አልሠራም።

ከዚያ የቀረው 50 ሰከንድ ያህል ነው። በ2:43:04 ካፒቴኑ አብረን እንሳብ፣ አልበቃም አሉ። በ2:43:11 በኤሌክትሪክ ትሪም ሁለት አጫጭር ትእዛዝ ተመዝግቧል፤ ስታብላይዘሩ ከ2.1 ወደ 2.3 ተንቀሳቀሰ። ይህ የሚሆነው ስዊቾቹ ተመልሰው ከተከፈቱ ብቻ ነው። መመሪያው እስከ በረራው ፍጻሜ ተዘግተው ይቆዩ ይላል፤ ግን ጎማው አልዞር ላለው ሰው አውሮፕላኑን የሚያነሣ የቀረ መንገድ ኤሌክትሪኩ ብቻ ነበር። በ2:43:20 ኤምካስ ለመጨረሻ ጊዜ ገፋ፣ ወደ 1.0። አፍንጫው ወደ 40 ዲግሪ ወደ ታች ዞረ፣ ፍጥነቱ 500 ኖት ደረሰ።

ከአራት ወር በፊት፣ ጃካርታ

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓለም ስለ ኤምካስ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር በረራ 610፣ እሱም 737 ማክስ 8፣ ከጃካርታ ተነሥቶ ጃቫ ባሕር ላይ ወደቀ፤ 189 ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ያው አውሮፕላን በዚያው ብልሽት ሲበር ኮክፒቱ ውስጥ ሦስተኛ አብራሪ ተቀምጠው ነበር። የትሪሙን ስዊቾች ለመዝጋት ሐሳብ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። መሪ የማይዝ፣ መጽሐፍ የማያገላብጥ፣ ከኋላ ሆኖ ሁሉን የሚያይ ሰው ነበራቸው። ስዊቾቹ ተዘግተው በእጅ ጎማ ጃካርታ ደረሱ። የዚያ በረራ አብራሪዎች በጥገና መዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ ንባብ መለያየቱን ጻፉ፤ ስዊቾቹን መዝጋታቸውንና መሪው ሲንቀጠቀጥ መቆየቱን አልጻፉም።

በማግሥቱ ጠዋት የተነሡት አብራሪዎች ስለዚህ ምንም አያውቁም። ካፒቴኑ ረዳታቸውን የማይታመን የፍጥነት ንባብ የሚለውን ቼክሊስት ጠየቁ፤ ረዳት አብራሪው መጽሐፉን እያገላበጡ ገጹን ለማግኘት ደቂቃዎች ወሰደባቸው። ካፒቴኑ ኤምካስ በገፋ ቁጥር በአውራ ጣታቸው እየመለሱ ከሃያ ጊዜ በላይ ታገሉ። መሪውን ለረዳታቸው አስተላለፉ፤ ረዳቱ እንደ እሳቸው አጥብቀው አልመለሱም። እነሱ የጠፉት የሌላ ችግር ገጽ እየተፈለገ ሳለ ነው።

ቦይንግ ጥቅምት 27 ቀን ለአየር መንገዶች መግለጫ ላከ፤ በማግሥቱ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። መልእክቱ፦ ቬን ሲሳሳት ትሪሙ በተደጋጋሚ ወደ ታች ሊገፋ ይችላል፤ ሲገጥማችሁ ከቁጥጥር የወጣ ስታብላይዘር የሚለውን ገጽ ተጠቀሙ። በኤሌክትሪክ ትሪም የመሪውን ክብደት ማቅለል «ይቻላል»፣ ስዊቾቹን ከመዝጋት በፊት። በእጅ ጎማ ትሪም ማድረግ ከመዝጋቱ በፊትም በኋላም «ይቻላል»። የአስቸኳይ መመሪያው ጽሑፍ ኤምካስ የሚለውን ስም አልጠቀሰም። በከፍተኛ ፍጥነት ጎማው ሊዞር እንደማይችልም አልተናገረም።

እኔ የማዝነው በዚህች «ይቻላል» በምትለዋ ቃል ነው። ቼክሊስት የሚጻፈው የማሰብ ጊዜ ለሌለው ሰው ነው። «አድርግ» ሊል የሚገባው መስመር «ይቻላል» ሲል፣ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባውን ነገር ወደ ኋላ ያስቀምጠዋል። ከ4.6 ሳይጠጋ በ2.3 ላይ መዝጋት ለሕይወት እንደሚያሠጋ በዚያ ገጽ ላይ የትም የለም።

ክርክሩ

መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ የመጀመሪያውን ሪፖርት ሲገልጹ፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘጋጀውን ሥነ ሥርዓት በሙሉ በተደጋጋሚ ፈጽመዋል፤ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ግን አልቻሉም አሉ። በአሜሪካ በኩል ደግሞ ፍጥነቱን ለምን አልቀነሱም፣ ስዊቾቹን ለምን መልሰው ከፈቱ የሚለው ጥያቄ በረታ። የመጨረሻው ሪፖርት ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድና የፈረንሳዩ መርማሪ ቢሮ ሪፖርቱ የአብራሪዎቹን እርምጃ በበቂ አላየም ሲሉ አስተያየታቸውን ለየብቻ አሳተሙ። ቬኗ ለምን እንደተበላሸች እንኳ አልተስማሙም፤ የእኛዎቹ የምርትና የኤሌክትሪክ ጉድለት ሲሉ፣ አሜሪካኖቹ ወፍ መትቷት ነው አሉ።

የሞተር ኃይሉ አለመቀነሱን አልክድም። የማይታመን የፍጥነት ንባብ የሚለው ገጽም ሆነ የስታብላይዘሩ ገጽ አውቶትሮትሉን አጥፋ ይላሉ፤ አልጠፋም፤ ጎማውን ያሰረውም ፍጥነቱ ነው። ይህን ሳይናገሩ መሟገት ለሟቾቹም አይጠቅምም። ግን ማን ምን ጊዜ እንደተሰጠው እንይ። ቦይንግ ማክስን ሲያስፈቅድ አብራሪ የኤምካስን ስህተት በ4 ሰከንድ ውስጥ ለይቶ ምላሽ ይሰጣል ብሎ ገምቶ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ እንደተገለጸው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የቦይንግ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ወስዶበት ውጤቱ ለአውሮፕላን ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ተመዝግቦ ነበር። የሙከራ አብራሪ ነው፤ ምን እንደሚገጥመውም ያውቃል። የአሜሪካው ደኅንነት ቦርድ ራሱ ከአደጋው ስድስት ወር በኋላ፣ ግምቱ ብዙ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሲጮኽ አብራሪ ላይ የሚፈጠረውን ጫና በበቂ አላገናዘበም ብሏል።

ሥልጠና ጎድሎ ነው የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማክስ ሲሙሌተር ካላቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ነበር። ነገር ግን ቦይንግ ግንቦት ወር ላይ እንዳመነው፣ የማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር በእጅ የሚዞረው ጎማ ላይ የሚያርፈውን ክብደት በትክክል አያሳይም ነበር። አብራሪ በሲሙሌተር ውስጥ ጎማውን ቢያዞር ይዞርለታል። አየር ላይ አይዞርም። ያልተነገረውን ሊለማመድ አይችልም።

አዲሱ ገጽ

ማክስ ከመጋቢት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። የአሜሪካ ባለሥልጣን ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. እገዳውን ሲያነሣ ኤምካስ ሁለቱንም ቬኖች እንዲያነጻጽር፣ ንባባቸው ከተለያየ እንዳይሠራ፣ ከሠራም አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገፋ፣ ግፊቱም አብራሪው መሪውን በመሳብ ሊቋቋመው ከሚችለው እንዳያልፍ ተደርጓል። ኤኦኤ ዲስአግሪ የሚለው ምልክት በሁሉም ላይ እንዲሠራ ተደረገ። እያንዳንዱ አብራሪ ወደ ማክስ ከመመለሱ በፊት በሲሙሌተር እንዲለማመድ ግዴታ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን መልሶ ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤ የሚሄደው ወደ ተሻሻለው ገጽ ነው። ከቁጥጥር የወጣ ስታብላይዘር ከሚለው ርዕስ ሥር ያለው ዓረፍተ ነገር «ያለማቋረጥ» ካለ በኋላ «ወይም ለበረራው ሁኔታ በማይስማማ መንገድ» የሚል ተጨምሮበታል። ገፍቶ የሚያቆም፣ ቆይቶ የሚመለስ ግፊትም አሁን በዚያ ርዕስ ሥር ይገባል። ፍጥነቱን በሞተር ኃይልና በአፍንጫ ከፍታ ተቆጣጠር የሚል እርምጃ ገብቷል። የመሪው ክብደት ከስዊቾቹ መዘጋት በፊት በኤሌክትሪክ ትሪም እንዲቀልል ተጽፏል። ፍጥነት መቀነስ ስታብላይዘሩ ላይ ያለውን ጫና እንደሚያቀልልና ጎማውን ማዞር እንደሚያቃልል ማስታወሻ አለ። በእጅ ትሪም አድርግ ከሚለው እርምጃ አጠገብ ደግሞ ሁለቱም አብራሪዎች ተባብረው ሊያዞሩት እንደሚችሉ ተጽፏል።

አህመድኑር ጎማውን ለመሞከር ከጠየቁበት እስከ «አይሠራም» ድረስ ያለው 8 ሰከንድ ነው። በዚያች ጊዜ የካፒቴን ያሬድ እጆች መሪው ላይ ነበሩ።